ቫዮሊኑን ከመተዋችሁ በፊት ብሪጁን ለኩ

ሐዋሳ ውስጥ ልጆችን ቫዮሊን ማስተማር ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ አንዷ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። ጆሮዋ ለጉድ ነው። አንድ ዜማ አንዴ ከሰማች መልሳ ታዜመዋለች። ክሩ ላይ ግን ጣቷ አልታዘዝ አላት። ጠቋሚ ጣቷ እንደምንም ይሄዳል። ትንሿ ጣት ጋ ስትደርስ ትንፋሿን ውጣ ትጫናለች፤ ድምፁ ግን ታፍኖ ይወጣል። ሦስት ወር እንዲህ ታገለች።

አንድ ቅዳሜ እናቷ ይዛት መጣች። «ቲቸር፣ ጣቷ ቆሰለ እኮ። ለዚህ የተፈጠረች አይመስለኝም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እንዲያውም በልቤ «እውነቷን ነው» ብዬ ነበር። ልጅቷ በዚያው ቀረች።

ሁለት ዓመት አለፈ። ያንኑ ቫዮሊን ሌላ ቤተሰብ ገዝቶት ወደ እኔ ይዞት መጣ። ያን ጊዜ መለካት ተምሬያለሁ። ማስመሪያዬን ፊንገርቦርዱ (ጣት ክሩን የሚጫንበት ረጅም እንጨት) ጫፍ ላይ አቆምኩ። ቀጭኑ፣ የኢ ክር፣ ከእንጨቱ 6 ሚሊ ሜትር ተነሥቷል። ወፍራሙ፣ የጂ ክር፣ ደግሞ 9 ሚሊ ሜትር። ለዚያ የልጆች መጠን ግማሹ ትንሽ ፈቅ ብሎ ይበቃ ነበር። ያቺ ልጅ ሦስት ወር ሙሉ የታገለችው መቆረጥ ከነበረበትና ማንም ካልቆረጠው ብሪጅ ጋር ነው። እኔ ደግሞ አስተማሪዋ ሆኜ አላየሁትም። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል። ስለዚህ ያወቅኩትን ሁሉ ልጻፈው አልኩ።

ብሪጅ ማለት ክሮቹን ተሸክሞ ቫዮሊኑ ሆድ (የፊት ገጹ) ላይ የቆመው ቀጭን እንጨት ነው። የበገና ሰዎች የእነሱን «በርኩማ» ይሉታል። ክራርም ማሲንቆም የየራሳቸው አላቸው። የቫዮሊኑ ብሪጅ ሙጫ አይነካውም፤ ምስማርም የለውም። ያቆመው የክሮቹ ጭነት ብቻ ነው። በሙሉ መጠን፣ ማለትም በአዋቂ ቫዮሊን ላይ አራቱ ክሮች ሲቃኙ በድምሩ ከ20 ኪሎ በላይ ይስባሉ። ከዚህ ውስጥ ብሪጁን ወደ ታች የሚጫነው 8 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው እንጨት ተሠርቶ ሲያልቅ 2 ግራም አካባቢ ይመዝናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ብሪጅ ከፋብሪካ ሲወጣ ያለቀለት ዕቃ አይደለም። ሆን ተብሎ ወፍራምና ረጅም ሆኖ ይወጣል። እግሩም ጠፍጣፋ ነው። የየቫዮሊኑ ሆድ ጉብታ ይለያያል፤ የአንገቱ አቀማመጥም ይለያያል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለዚያ ቫዮሊን ልክ መጥረብ አለበት። ልብስ ሰፊ ጨርቁን በሰውየው ልክ እንደሚቆርጠው ማለት ነው። በርካሽ የሚገዙት ቫዮሊኖች አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሳይሠራላቸው ነው እጃችን የሚገቡት። ጥሬውን ብሪጅ አቁመው፣ ክር ወጥረው፣ ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። ገዢው ደግሞ ያለቀ ይመስለዋል።

እኔም ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ክሩ ከፍ ማለቱ ሲገባኝ ብሪጁን አውልቄ አቶቴ አካባቢ ወዳለ እንጨት ቤት ወሰድኩት። «ከላይ 3 ሚሊ ሜትር ቁረጥልኝ» አልኩት። ልጁ እጁ የተባረከ ነው፤ በመጋዝ ቀጥ አድርጎ ቆረጠልኝ። ቀጥ አድርጎ! ክሮቹ ሁሉ በአንድ ደረጃ ተኙ። ደጋኑን ሳሳርፍ የመሃሎቹ ክሮች፣ ዲ እና ኤ፣ አብረው ይጮኻሉ። ለብቻ የሚነካ ክር ጠፋ። ብሪጁ ከላይ ቅስት መሆን ያለበት ለዚህ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ያዘዝኩትን ነው የቆረጠው።

በዚያው ቀን ሁለተኛ ስህተት ሠራሁ። ብሪጁን ለማውለቅ አራቱንም ክር አንድ ላይ አላላሁ። ቫዮሊኑን አነሣሁ፣ ገለበጥኩ። ውስጡ የሆነ ነገር ተንከባለለ። ሳውንድፖስቱ ወድቆ ነበር።

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ሆዱ ላይ ባለው የኤፍ ፊደል ቅርጽ ቀዳዳ ብታዩ፣ በኢ ክር በኩል ካለው የብሪጅ እግር ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ወፍራም እርሳስ የሚያህል ዘንግ ቆሞ ታገኛላችሁ። ሙሉ መጠን ቫዮሊን ላይ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቫዮሊኑን ሆድና ጀርባ የሚያገናኝ ነው። እሱም ሙጫ የለውም። ተጨንቆ ነው የቆመው። ጣሊያኖቹም ፈረንሳዮቹም «ነፍስ» ብለው ነው የሚጠሩት። ክሮቹ ሁሉ ከላሉ የሚይዘው ያጣና ሊወድቅ ይችላል። መልሶ ማቆም ልዩ መሣሪያና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ሳውንድፖስት በሌለበት ደግሞ ክር መወጠር አይቻልም፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ አደራ፣ ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ። ብሪጁን ማውጣት ግድ ከሆነም ቫዮሊኑን ጀርባው ላይ አጋድሙት፤ አትገልብጡት፣ አትነቅንቁት። ከቴልፒሱ (ክሮቹ በታች በኩል ከሚታሰሩበት እንጨት) ሥር ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ። ክሩ ሲላላ ቴልፒሱ ወድቆ የሆዱን ቫርኒሽ ይቧጭራል።

ቫዮሊኑን አቅፌ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን ሙሉ ሣጥኑን ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። እዚያ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ ተብዬ ነበር። ስማቸውን እዚህ ባልጠቅስ ይሻላል፤ ያስተማሩኝን ግን እጠቅሳለሁ። ቫዮሊኑን አዩት፤ የተቆረጠውን ብሪጅ አዩት፤ ከዚያ ብሪጁን ገልብጠው እግሩን አሳዩኝ። «እግሩ ሳይረግጥ ራሱን ለምን ነካችሁት?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ክሩ ከፍ ብሎ ነው» አልኩ።

«ቢሆንስ? ቤት ከጣራው ይጀመራል እንዴ?»

ሁለት ቀን ከጎናቸው ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላም አራት አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ቀጥሎ የምጽፈው ከእሳቸው ያየሁትንና ቤቴ እየደጋገምኩ የለመድኩትን ነው።

መጀመሪያ ቦታው። ከኤፍ ቀዳዳዎቹ ወገብ ላይ ወደ ውስጥ የገቡ ትንንሽ ቁርጦች አሉ። ብሪጁ በሁለቱ የውስጥ ቁርጦች ትይዩ ይቆማል። ሙሉ መጠን ቫዮሊን ላይ ከሆዱ የላይኛ ጠርዝ እስከዚህ ቦታ 195 ሚሊ ሜትር ነው። እኔ አንዲት ትንሽ የወረቀት ማጣበቂያ ቆርጬ፣ ቫርኒሹን እንዳትልጥ በመዳፌ ደጋግሜ ካላቀቅኳት በኋላ እለጥፍና ምልክት አደርጋታለሁ። ብሪጁን ባነሣሁና በመለስኩ ቁጥር እዚያው ነጥብ ላይ ካላረፈ የለፋሁት ሁሉ ገደል ይገባል። የብሪጁ መጠንም መዛመድ አለበት። ለሙሉ መጠን የእግሮቹ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 41 ሚሊ ሜትር ነው። ለሦስት አራተኛው 38፣ ለግማሹ 35።

ብሪጁ ፊትና ጀርባ አለው። ከሚሬኩር፣ ፈረንሳይ የሚመጡት ኦቤር የተባለው ድርጅት ብሪጆች ማኅተማቸውን ስለሚያሳዩ ሰው በእሱ ይለያል። ዋናው ግን እንጨቱ ነው። ብሪጅ ሜፕል ከሚባል ጠንካራ እንጨት ነው የሚሠራው፤ በአንዱ በኩል ሜፕሉ ላይ አጫጭር የሚያብረቀርቁ ሰረዞች ይታያሉ። ያ ገጽ ወደ ቴልፒሱ ይዞራል። ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ ከሆዱ ጋርም ቀጥ ብሎ፣ 90 ዲግሪ ሆኖ ይቆማል። የሚሳሳው ወደ ፊንገርቦርዱ የሚያየው ገጽ ነው።

አሁን እግሩ። ልቤን የሚይዘው ሥራ ይሄ ነው፤ ከጠቅላላው ጊዜ ከግማሽ በላይም እዚህ ያልቃል። ጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚሸጠውን ካርቦን ወረቀት እገዛለሁ። ቀለሙን ወደ ላይ አድርጌ ብሪጁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አነጥፈዋለሁ። ብሪጁን ቀጥ አድርጌ አቆምና ጫን አድርጌ በጣም ትንሽ፣ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ እንቅስቃሴ እሰጠዋለሁ። አንሥቼ ስገለብጠው እግሩ ላይ ጥቁር ነጥቦች አሉ። እነዚያ ብቻ ናቸው ሆዱን የነኩት። እነሱን በቢላ እልጣለሁ። መልሼ አቆማለሁ። አዲስ ነጥቦች ይወጣሉ። እነሱንም እልጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁለት ሦስት ነጥብ ነው። እየቆየ አሥር ይሆናል። በመጨረሻ እግሩ በሙሉ በደቃቁ ይጠቁራል። አሁንም አንድ ብሪጅ ሠላሳ አርባ ጊዜ አነሣለሁ፣ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ቀን ሙሉ ይፈጅብኝ ነበር።

ቢላው ምላጭ መሆን አለበት። ሜፕል ጠንካራ ነው፤ ደነዝ ቢላ ይገፋል እንጂ አይልጥም፣ ስትገፉትም ያመልጥና ጣት ያገኛል። ከመጀመሬ በፊት ድንጋይ ላይ እስለዋለሁ፤ በመሃልም እስለዋለሁ። ጋዜጣ አንጠልጥዬ ስቆርጥ ካልቀደደ ተስሏል ማለት ነው። የሚላጠው ነገር እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ስስ መሆን አለበት። ወፍራም ከወጣ ቸኩያለሁ ማለት ነው።

የብርጭቆ ወረቀት ሆዱ ላይ አንጥፎ ብሪጁን እላዩ ላይ ማሸትን ብዙ ሰው ይመክራል። ሞክሬዋለሁ። ጥሬውን ለመቀነስ ያፋጥናል፤ ለመጨረሻው ግን አላምንበትም። እጅ ሲወዛወዝ ብሪጁ ወዲያና ወዲህ ስለሚያዘነብል የእግሩ ጠርዞች ይከረከራሉ። መሃሉ ብቻ ይነካል። ወረቀቱ ከተንሸራተተ ደግሞ ቫርኒሹ አለቀለት። ያለቀውን ብሪጅ የምፈትነው በቀጭን ወረቀት ነው። አራቱንም የእግር ጠርዝ በወረቀቱ ጫፍ እዞራለሁ። የትም ከገባ ሥራው አላለቀም።

ለምን ይህን ያህል? ክሩ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ ወደ ሆዱ የሚወርደው በእነዚህ ሁለት እግሮች ብቻ ነው። ግማሽ እግር ብቻ ከነካ ግማሽ መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጭነቱ ሁሉ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ የሆዱን እንጨት፣ ስፕሩሱን፣ ይወጋዋል። ስፕሩስ ለስላሳ ነው። እግሩ በደንብ ያልተጠረበ ብሪጅ ዓመት ሲቆይ ሆዱ ላይ ጠባሳ ይተዋል። እንዲህ የተጠበሰ ቫዮሊን በእጄ አልፏል፤ ልብ ይሰብራል።

እግሩ ሲረግጥ ወደ ቁመቱ እሄዳለሁ። ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ፊንገርቦርዱ ላይ አጋድሜ ወደ ብሪጁ እገፋዋለሁ። ብሪጁን የነካበት ቦታ ላይ በኢም በጂም በኩል በሹል እርሳስ አሰምራለሁ። ይህ የፊንገርቦርዱ ደረጃ ነው። ከዚህ መስመር በላይ በኢ በኩል 5፣ በጂ በኩል 7 ተኩል ሚሊ ሜትር ትቼ ሌላውን አነሣለሁ። ያ ሆን ብዬ ያስተረፍኩት ነው። ከዚያ ክሮቹን ጭኜ፣ ቃኝቼ እለካለሁ። መጨረሻ ላይ የምፈልገው በፊንገርቦርዱ ጫፍ የኢ ክር 3 ተኩል፣ የጂ ክር 5 ተኩል ሚሊ ሜትር ከፍ እንዲሉ ነው። ለልጆች መጠን በትንሹ ዝቅ አደርገዋለሁ። ጂ ከፍ የሚለው ወፍራም ስለሆነና ሲንቀጠቀጥ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። በጣም ከወረደ ፊንገርቦርዱን እየመታ ይንቀጫቀጫል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስገባ። ጣት የሚጎዳው ጠቋሚ ጣት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም አንገቱ ጫፍ አጠገብ፣ ችግሩ ብሪጁ ላይሆን ይችላል። ነት የሚባለው ትንሹ ጥቁር እንጨት ከፍ ብሎ ይሆናል። እዚያ ጋ በክሩና በፊንገርቦርዱ መካከል ቢበዛ የአንድ ጠንካራ ካርድ ውፍረት ይበቃል። ይህን ሳላይ ሁለት ብሪጅ ከሚገባው በላይ ዝቅ አድርጌያለሁ። የተቆረጠ እንጨት አይመለስም፤ ሁለቱንም በአዲስ ቀየርኳቸው።

ቅስቱን በካርቶን ነው የምሠራው። በኮምፓስ 42 ሚሊ ሜትር ከፍቼ ክብ እሥላለሁ፣ ከእሱ ቁራጭ አወጣለሁ። ካርቶኑን ብሪጁ ላይ አስደግፌ፣ ጂ ከፍ ኢ ዝቅ እንዲል አዘንብዬ አሰምራለሁ። በጣም ከጎበጠ ልጁ ከክር ወደ ክር ለመሄድ ክንዱን ብዙ ማንሣት አለበት። ከጠፈጠፈ እኔን የገጠመኝ ይገጥመዋል።

ከዚያ ማሳሳት። እግሩ አካባቢ ውፍረቱ 4 ከሩብ፣ አናቱ ላይ 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል አደርገዋለሁ። ከፊት ገጹ ብቻ እየላጥኩ፣ ቀስ ብሎ እንዲጎብጥ። ክሮቹ መሃል ለመሃል ከ11 እስከ 11 ተኩል ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። መቀመጫቸውን በክብ ቀጭን ሞረድ አወጣለሁ። ክሩ ከውፍረቱ ሲሶው ብቻ ይግባ። ጠልቆ ከገባ ይታነቃል፤ ሲቃኝም ብሪጁን ይዞት ይሄዳል። መቀመጫው ላይ ለስላሳ እርሳስ እቀባለሁ። የእርሳሱ ዱቄት እንደ ዘይት ነው፤ ክሩን ያንሸራትተዋል።

የኢ ክር ቀጭን ሽቦ ስለሆነ እንጨቱን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። በውጭ አገር ሠራተኞቹ እዚያች ቦታ ላይ ትንሽ ቁራጭ ብራና ይለጥፋሉ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ብራና እኛ ጋ አይጠፋም! መጽሐፍ ከሚያዘጋጁ ሰዎች የተረፈ ቁርጥራጭ ለምኜ አመጣሁ። የጣት ጥፍር የምታክል እቆርጣለሁ፣ በስሱ ሙጫ አናቱ ላይ አለብሳታለሁ። አንዷ ቁራጭ ለብዙ ብሪጅ ትበቃለች። ከአምስት ዓመት በፊት የለጠፍኩት እስከ ዛሬ አልተቆረጠም።

እንጨቱን በተመለከተ ደጋግሞ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። «የአገራችን እንጨት አይሆንም?» ይሉኛል። እኔም ጓጉቼ ነበር። ከዋንዛ አንድ፣ ከወይራ አንድ ሠራሁ። ዋንዛው ለቢላ ደስ ይላል፤ ድምፁም መጥፎ አልነበረም። ሆኖም በሁለት ሳምንት ውስጥ ክሮቹ ሰርስረው ገቡ። ወይራው ተቃራኒ ነው። እሺ ብሎ አይጠረብም፤ ቃጫው ይጠማዘዛል። ሲያልቅም ድምፁ ታፈነ፣ ፒያኖ ላይ ማለስለሻውን ፔዳል እንደረገጡበት። ገረመኝና የወይራውንና የሜፕሉን ብሪጅ ይዤ ፒያሳ ወደሚገኝ ወርቅ ቤት ሄድኩ። በወርቅ ሚዛን መዘኑልኝ። የሜፕሉ 2.2 ግራም፣ የወይራው ከ3 ግራም በላይ። ምክንያቱ እሱ ነው። ኦርኬስትራ ውስጥ ድምፅ ማፈን ሲፈለግ ብሪጁ ላይ ሚውት (ማፈኛ) የሚባል ትንሽ ጎማ ይሰካል። ሥራው ክብደት መጨመር ብቻ ነው። እኔ ሳላውቀው ሚውቱን አብሬ ጠርቤዋለሁ። ለቫዮሊን ሜፕል ግዙ እላለሁ። ዋንዛውም ወይራውም ሌላ ብዙ ክቡር ሥራ አላቸው።

በብሪጁ መሃል ያለችው ቀዳዳ ልብ ትባላለች፤ በጎንና ጎን ያሉት ደግሞ ኩላሊት። ጌጥ እንዳይመስሏችሁ። ከልቧ ጎን ያለው ወገብ ብሪጁ የሚወዛወዝበት ቦታ ነው። ብሪጁ በ3000 ኸርዝ (በሴኮንድ 3000 ንዝረት) አካባቢ በራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ቫዮሊንን ከሩቅ የሚያሰማው ጥራት ያለው እዚያ ሰፈር ነው። ወገቡን ስታቀጥኑት ያ ቦታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ድምፁ ይለዝባል። በጣም ከቀጠነ ግን ይደክማል፤ ብሪጁም ይጣመማል። አንድ የሚጮህ ቫዮሊን ነበረኝ። ልቧን በግማሽ ሚሊ ሜትር ስከፍታት ጩኸቱ ረገበልኝ። ቀጣዩ ላይ ያንኑ ስሠራ ድምፁ ጠፋ። እዚህ ላይ ልኬት የለኝም፤ አንድ ጊዜ ልጦ፣ ክር ጭኖ፣ አጫውቶ መስማት ነው። ለጀማሪ ልብና ኩላሊቱን ባትነኩት እመክራለሁ። እግርና ቁመቱ ብቻ ከተስተካከሉ ቫዮሊኑ ሌላ ቫዮሊን ይሆናል።

ከተሠራ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው፤ ግን ይረሳል። ክር በተቃኘ ቁጥር አናቱን ወደ ፊንገርቦርዱ ይስበዋል። ትናንት ቀጥ ያለው ብሪጅ ከወር በኋላ አንገቱን ይደፋል። እንደተደፋ ከቆየ ይጣመምና አይመለስም፤ አንድ ቀን ደግሞ ጧ ብሎ ይወድቃል። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ እንዲያዩት አስተምሬአቸዋለሁ። የመታወቂያ ካርድ ማዕዘን ከጀርባው ያስጠጋሉ፤ ክፍተት ካለ ያሳዩኛል። ለማስተካከል ቫዮሊኑን ጭናችሁ ላይ አስቀምጡ። የሁለቱንም እጅ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ተጠቅማችሁ አናቱን ያዙ፤ በጥቂቱ በጥቂቱ ወደ ኋላ ሳቡት። ክሩ በጣም ከተወጠረ መጀመሪያ ትንሽ አላሉት።

ወቅቱም ይለውጠዋል። በበጋ ደረቁ ሲበረታ የቫዮሊኑ ሆድ ይኮማተራል፣ ክሩ ዝቅ ይላል። ክረምት ሲገባና ከሐይቁ በኩል እርጥበቱ ሲመጣ ያብጣል፣ ክሩ ከፍ ይላል። ለውጡ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ትንሽ ጣት ግን ይታወቀዋል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የሚመጣ «ቲቸር፣ ከበደኝ» የሚል ልጅ ሲኖር ከመገሠጼ በፊት እለካለሁ። ቫዮሊኑን በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ መተው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የቫዮሊን ሙጫ በሙቀት ይለቃል።

ባለፈው ወር ከአንድ የመዘምራን ቡድን ቼሎ፣ ትልቁ የቫዮሊን ዘመድ፣ መጣልኝ። ቼሎ ላይ ነገሩ ሁሉ ያድጋል። የእግሮቹ ስፋት 90 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በፊንገርቦርዱ ጫፍ የክሩ ከፍታ በቀጭኑ ኤ ክር 5 ተኩል፣ በወፍራሙ ሲ ክር 8 ሚሊ ሜትር። እግሮቹ ረጅም ስለሆኑ ክሩ ሲጫናቸው ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ሳይጫን በካርቦን ያገጣጠምኩት እግር ክር ሲወጠር የውጭ ጠርዙ ተነሥቶ አገኘሁት። አንድ ብሪጅ በዚህ ከሸፈብኝ። ደውዬ ጋሼን ጠየቅኳቸው። «በእግሮቹ መሃል የሚገፋ ነገር አስገባና ክፍት አድርገህ ጥረብ» አሉኝ። አንድ የእንጨት ቁራጭ ጠረብኩ፤ መሃሉ ላይ ብሎንና ዳዶ አስገባሁ። ዳዶው ሲዞር እግሮቹ ክሩ እንደሚከፍታቸው ያህል ይከፈታሉ።

ሁለተኛው ብሪጅ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የኤው እግር በሙሉ ጠቁሯል። የሲው ውጫዊ ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ቀርታለች። ነገ ጠዋት ብርሃኑ ሲመጣ እሷን እጨርስና ክሩን እጭናለሁ።